አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ (1860 – 1940 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ፣ ደራሲ፣ የቋንቋ መምህርና ባለሥልጣን ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ ደራሲ በመሆናቸው ነው። ይሁን እንጂ ወደ አውሮፓ መጀመሪያ የተላኩት ለድርሰት ሳይሆን ሥዕል ለመማር ነበር። በሕይወታቸው መጨረሻ ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር በመተባበራቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የልጅነት ዘመንና ትምህርት

አፈወርቅ የተወለዱት በጣና ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው በዘጌ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘመድ እንደነበሩ ይነገራል። ዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ባሉ በሥዕል በተሞሉ ገዳማቷ የታወቀች ናት። አፈወርቅም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰሙት በዚህ አካባቢ ነው።

የአካባቢው ሠዓሊዎች ሥራ ከመጻሕፍት ጋር የተያያዘ ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ሌላ የተአምረ ማርያምና የገድላት ታሪኮችም ይሣላሉ፤ ለምሳሌ የበላዔ ሰብእ ታሪክ የተወሰደው ከተአምረ ማርያም ነው። ማንበብ የማይችለው ምእመን መጽሐፉን በሥዕሉ ያነበዋል። በዚህ የአሣሣል ልማድ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ኃጥአንና አጋንንት ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ።

የሥዕል ትምህርት በኢጣልያ

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ኢጣልያ ተልከው በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው በአልቤርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። በጊዜው የአውሮፓ አካዳሚዎች የሚያስተምሩት የዘይት ቀለም አጠቃቀምን፣ ብርሃንና ጥላን፣ የሰውነት አካልን ልክና የርቀት አሣሣልን ነበር።

ዘመኑ በእንግሊዝ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ከመጽሐፍ ቅዱስና ከሥነ ጽሑፍ የተወሰዱ ታሪኮችን በትላልቅ ሸራ ላይ ይሥሉ ነበር። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፖይንተር እ.ኤ.አ. በ1890 ያጠናቀቀው የንግሥተ ሳባ ጉብኝት ሥዕል ከእነዚህ አንዱ ሲሆን አሁን በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ይገኛል። ፖይንተር የሣለው ከመጽሐፈ ነገሥት የተወሰደውን ታሪክ ነው። ኢትዮጵያውያን ይህንኑ ታሪክ የሚያውቁት በክብረ ነገሥት በኩል ስለሆነ ንግሥቲቱ ለእነርሱ የባዕድ አገር እንግዳ ሳትሆን የራሳቸው ንግሥት ናት።

አፈወርቅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥራ ላይ ተሳተፉ። ነገር ግን ከእቴጌ ጣይቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሻከረ። እ.ኤ.አ. በ1894 ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ኖሻቴል ከተማ ሄዱ። ሁለቱ አገሮች ወደ ጦርነት ሲያመሩ ግን ትምህርታቸውን ትተው ወደ ኢጣልያ ወገን ገቡ። የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ሲገኝ እርሳቸው በተሸናፊው ወገን ነበሩ።

ድርሰቶች

ከዚያ በኋላ በናፖሊ በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ከፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር አማርኛ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በኢጣልያንኛ አሳተሙ።

እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ዋነኛ ሥራቸው ነው፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታውቋል። ታሪኩ በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል በተደረገ ጦርነት ተማርኮ አንድ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ነፃ ስላወጣው የጦር አለቃ ይተርካል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ሲወጣ በባርነት ይያዛል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት የሚጠቀምበት «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜም ከዚህ መጽሐፍ ርእስ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚያው ዓመት በፈረንሳይኛና በአማርኛ ያዘጋጁት የመንገደኛ መመሪያ የወታደሩን ዘረፋና የገበሬውን ችግር በምልልስ መልክ አጥብቆ ይነቅፋል። በቀጣዩ ዓመት የታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ግን ንጉሠ ነገሥቱን እጅግ ያወድሳል። ሁለቱ መጻሕፍት የአንድ ደራሲ መሆናቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ከሚወያዩባቸው ጉዳዮች አንዱ ነው።

በሐረርጌና በመንግሥት ሥራ

አፈወርቅ በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከያዟቸው ሹመቶች አንዱ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊነት ሲሆን «ነጋድራስ» የሚለው ማዕረግ ከዚህ ሥራ ጋር የሚሄድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1902 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከተማዋ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ንግድ መግቢያና መውጫ ሆና ነበር። የሐረርና የጨርጨር ደጋ ቡና ወደ ውጭ የሚወጣውም በዚሁ የባቡር መስመር ነበር። በኋላም የልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆኑ።

የኢጣልያ ወረራና የመጨረሻ ዘመን

ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በ1928 ዓ.ም. ስትይዝ አፈወርቅ ከወራሪው ጋር ተባበሩ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተሰጣቸው። የዘመናቸው ደራሲ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መንገድ ከዚህ ጋር ተቃራኒ ነበር። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉትና ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ በሂርና እርሻቸው የሚታወቁት ተክለ ሐዋርያት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራክረዋል። ሁለቱም በአውሮፓ የተማሩ ነበሩ፤ አገራቸው በተፈተነች ጊዜ ግን የቆሙት በተለያየ ወገን ነው።

ከነፃነት በኋላ አፈወርቅ ተይዘው ወደ ጅማ ተወሰዱ። የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው በ1940 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። ለሥዕል ወደ አውሮፓ ከተላኩት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት ሳያዩ ነው።

ዛሬ የፖለቲካ ሥራቸው የሚወቀስ ቢሆንም «ጦቢያ» የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነገር መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል።