አሞስ አሎንዞ ስታግ

አሞስ አሎንዞ ስታግ (ኦገስት 16 ቀን 1862 – ማርች 17 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የስፖርት አሰልጣኝና መምህር ነበር። በሞላላ ኳስ የሚካሄደውን የአሜሪካ ፉትቦል ካሳደጉት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበረው ስታግ ሜዳ የተሰየመው በእሱ ስም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስታግ የተወለደው በኒው ጀርሲ፣ ዌስት ኦሬንጅ በተባለች ከተማ፣ ከአንድ ድሃ ጫማ ሰፊ ቤተሰብ ነው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን አስቦ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ስም ያተረፈው ግን በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪነቱ ነው። ሰው ፊት ቆሞ መስበክ እንደማይሆንለት ሲረዳ ወጣቶችን በስፖርት ለማነጽ ወሰነና በ1890 ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደሚገኘው የስፕሪንግፊልድ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሄደ። ጄምስ ኔይስሚት ቅርጫት ኳስን የፈለሰፈው እዚያው ነበር። በማርች 1892 በሕዝብ ፊት በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ተማሪዎቹ መምህራኑን 5 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ የመምህራኑን ብቸኛ ነጥብ ያስቆጠረው ስታግ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዬል ያስተማረው ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር አዲስ ወደተከፈተው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ሃርፐር ስፖርትን እንደ ትርፍ ነገር አላየውም፤ ለስታግ የመምህርነት ማዕረግና የአካል ማጎልመሻ ክፍል ኃላፊነት ሰጠው። ለአንድ አሰልጣኝ ይህ በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ነበር። ሜዳ ግን አልነበረም። መሬቱ የተገኘው ከቺካጎው ባለጸጋ ነጋዴ ከማርሻል ፊልድ ሲሆን፣ አጥሩን ስታግና ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው አቆሙ። የነጋዴው የአባት ስም በእንግሊዝኛ «ሜዳ» ማለት በመሆኑ፣ ቦታው ማርሻል ፊልድ ሲባል ለስሙ ሌላ ቃል መጨመር አላስፈለገም። በ1905 የስታግ ቡድን ለ56 ጨዋታዎች ያልተሸነፈውን ሚሺጋንን 2 ለ 0 የረታው በዚሁ ሜዳ ነው። በ1913 ሜዳው በስታግ ስም ተጠራ፤ ቤተ መንግሥት የሚመስለው የምዕራብ መቀመጫም ተሠራለት። በኋላ በተደረጉት ማስፋፊያዎች ወደ 50,000 የሚጠጋ ተመልካች መያዝ ችሎ ነበር።

የሃርፐር ዘመን አልፎ ሮበርት ሜይናርድ ሃቺንስ ፕሬዚዳንት ሲሆን ነገሩ ተለወጠ። ሃቺንስ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ትምህርት ነው ባይ ነበር፤ ለትልልቅ ግጥሚያዎች ግርግር ግድ አልነበረውም። ስታግ 70 ዓመት ሲሞላው መሥራት እየፈለገ በጡረታ ተገለለ። እሱ ግን ቤቱ አልተቀመጠም፤ በ1933 ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ሄዶ የፓሲፊክ ኮሌጅን ማሠልጠን ጀመረ። በ1938 ይህን ቡድን ይዞ በራሱ ስም ወደሚጠራው ሜዳ ተመለሰና ቺካጎን 32 ለ 0 አሸነፈ። በተከታዩ ዓመት ቺካጎ በሚሺጋን 85 ለ 0 ተሸነፈ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ቡድኑን በተነ። ስታግ በበኩሉ በ1943፣ በ81 ዓመቱ፣ የዓመቱ አሰልጣኝ ተብሎ ተመረጠ።

ባዶ የቀረው ሜዳ በዓለም ታሪክ የገባው ከስፖርት ውጭ በሆነ ነገር ነው። በዲሴምበር 2 ቀን 1942፣ ከምዕራቡ መቀመጫ ሥር በነበረ የስኳሽ መጫወቻ ክፍል ውስጥ፣ ኢጣሊያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ የግራፋይት ጡብና ዩራኒየም ደርድረው፣ በሰው ቁጥጥር ሥር ያለ የመጀመሪያውን ሰንሰለታዊ የኑክሌር ምላሽ አካሄዱ። ይህም አንዱ አቶም ሲሰነጠቅ ሌላውን እየሰነጠቀ ያለማቋረጥ የሚቀጥል ሂደት ነው። ሥራው ወደ አቶሚክ ቦምብ ከመሩት እርምጃዎች አንዱ ነበር።

መቀመጫዎቹ በ1957 ፈረሱ። ስታግ ይህን ለማየት በሕይወት ነበር፤ የሞተው በስቶክተን በ102 ዓመቱ ነው። በ1969 ቺካጎ ፉትቦልን በአነስተኛ ደረጃ መልሶ ጀመረ፤ የስታግ ስምም በዚያው ግቢ ወዳለ ሌላ ሜዳ ተሻገረ። በቀድሞው ሜዳ ላይ ደግሞ በ1970 የሬገንስታይን ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ።