ባለቃጭሏ ወይዘሮ

ስለ ቤዝቦል ሲወራ የሚነሣው የተጫዋቾች ስም ነው። እኔ ግን በደጋፊነታቸው ብቻ ስመ ጥር ስለሆኑት ስለ ወይዘሮ ሂልዳ ቼስተር በአጭሩ ላጫውታችሁ እወዳለሁ። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ወይዘሮ ሂልዳ በ1897 ዓ.ም. ተወለዱ። ኑሯቸው ዝቅተኛ ነበር፤ በጨዋታ ቦታ የሚሸጥ ኦቾሎኒ በከረጢት እየሞሉ ይተዳደሩ ነበር። ፍቅራቸው ግን የኒው ዮርኩ የብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን ነበር። በ1930ዎቹ ልባቸውን ስለታመሙ ሐኪም እንዳይጮኹ ከለከላቸው። እርሳቸውም ከርካሹ መቀመጫ ላይ ሆነው መጥበሻ በጭልፋ ይቀጠቅጡ ጀመር። ኋላ ተጫዋቾቹ የላም ቃጭል ሰጧቸው፤ በዚያም ታወቁ።

ምክርም አይሰስቱም ነበር። አንድ ቀን ኳስ ወርዋሪው እንዲለወጥ ወረቀት ጽፈው በተጫዋቹ በፒት ራይዘር እጅ ለአሠልጣኙ ለሊዮ ዱሮቸር ላኩ። አሠልጣኙም የአለቃው ትእዛዝ መስሎት ለወጠው ይባላል። ቢሆንም አልተቀየማቸውም፤ በታመሙ ጊዜ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ጠይቋቸዋል።

ብሩክሊን በ1955 የአሜሪካን ታላቁን ዋንጫ አገኘ። ነገር ግን ከ1957 ውድድር በኋላ ባለንብረቶቹ ቡድኑን ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰዱት። ሜዳውም ከ1960 ጀምሮ ፈርሶ መኖሪያ ቤት ተሠራበት። ወይዘሮ ሂልዳ በ1978 ዐረፉ።

በእኔ አስተያየት፣ ባለንብረቶቹ ቡድኑን ሲወስዱ ያን ቃጭል ሊወስዱት አልቻሉም። ስለዚህ ለክፍላችን ቡድን የምንጮህ ተማሪዎች ሁሉ፣ ዋንጫው ቢቀርብንም ፍቅሩ የራሳችን መሆኑን አንርሳ።