ፊደል ያለ መሬት፦ የፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ሕይወትና የሚያስጨብጠን ትምህርት

የማንኛውም ግለሰብ የሕይወት ታሪክ ከበቀለበት ኅብረተሰብ የምርት ግንኙነትና ከኖረበት ዘመን ነባራዊ ሁኔታ ተነጥሎ በትክክል ሊጤን አይችልም። ዛሬ የምንመለከተው የፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ሕይወት ይህንኑ እውነት ያረጋግጥልናል። ከጎንደር ምድር የተገኙት እኒህ ሰው በፓሪስና በፍሎሬንስ ተምረው መምህር ለመሆን በቁ፤ ከመምህርነትም ወደ መንግሥት ሥራና ወደ ዲፕሎማትነት ተሸጋገሩ። ጥያቄያችን ግን እሳቸው የቱን ያህል ከፍ አሉ የሚል አይደለም። እሳቸው ከፍ ባሉበት ጊዜ የወጡበት ወገን የት ቀረ የሚለው ነው።

ታምራት እ.ኤ.አ. በ1888 በጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለዱ። ዘመኑ ለጎንደር የመከራ ዘመን ነበር። በ1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር በምዕራብ በኩል ገብቶ የነገሥታቱን ከተማ አቃጠለ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም መዘበረ። ያን ተከትሎ የከብት እልቂት፣ አንበጣና ረኃብ ተደራርበው አገሩን ፈጁት። ሕዝቡም ያን ጊዜ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ይለዋል። በዚያ ዘመን ሁሉም ተጎዳ፤ መሬት ያልነበረው ግን ከሁሉ ይበልጥ ተጎዳ።

ቤተ እስራኤሎች መሬት ካልነበራቸው መካከል ነበሩ። በአሥራ ስድስተኛውና በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በሰሜን ተራሮች ከአፄ ሠርፀ ድንግልና ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ባደረጉት ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ ከርስት ተነቅለው የሌላውን መሬት እያረሱ በእጃቸው ሙያ የሚያድሩ ሆኑ። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፣ ግንብ ያንጻል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። የገበሬው ማረሻና ማጭድ፣ የባልትናው ምጣድና እንስራ ከእነርሱ እጅ የሚወጣ ነበር። የፊውዳሉ ሥርዓት ግን የሙያቸውን ውጤት እየተጠቀመ ባለሙያውን ቡዳ እያለ አራቀው። ይህ ንቀት ከአጉል እምነት ብቻ የመነጨ አልነበረም። መሬት የነፈጉትን ሰው እንደ እኩል ላለማየት የተፈጠረ ምክንያት ነበር። እነርሱም በበኩላቸው የኦሪትን ሕግ አጥብቀው፣ ከሌላው ጋር ከተነካኩ ውኃ ሳይነኩ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ፣ በወንዝ ዳር መንደሮቻቸው ተለይተው ኖሩ።

በዚህ ሕዝብ ላይ የውጭ ሰዎች ዓይን ያረፈው ቀደም ብሎ ነው። ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን በደምቢያና በአካባቢው ትምህርት ቤት እየከፈቱ ይሰብኩ ነበር። ታምራትም በልጅነታቸው ወደ ኤርትራ ተሻግረው በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ተጠልለው ይማሩ ነበር። በፖላንድ የተወለደውና በፓሪስ የዦዜፍ ሃሌቪ ደቀ መዝሙር የነበረው ዣክ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ። አንዱ ጌቴ ኤርምያስ፣ ሁለተኛው ታምራት አማኑኤል ነበሩ። አንዱ የውጭ ማኅበር ወጣቱን ክርስቲያን ለማድረግ፣ ሌላው ከዓለም አይሁድ ጋር ለማገናኘት ይሽቀዳደሙ ነበር። የጎንደር ጭሰኛ ስለ መሬቱ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን አልተገኘም።

ታምራት በፓሪስ በአይሁድ ማኅበር የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ቀጥሎም በፍሎሬንስ በራቢዎች ኮሌጅ ተማሩ። ፈረንሳይኛን፣ ጣልያንኛንና ዕብራይስጥን አጠኑ። ወደ አገራቸው የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፓን አይቶ የመጣ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበርና፣ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ሹመት መጠበቅ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መምህርነትን መረጡ። በ1920ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዳይሬክተሩ ሆኑ። ከጎንደር መንደሮች የመጡ ልጆች በእሳቸው እጅ ፊደልና ቋንቋ ቀሰሙ፤ ከመካከላቸውም ወደ ውጭ አገር ተልከው የተማሩ ነበሩ። በዚህ ረገድ ታምራት ለአገራቸው የዋሉት ውለታ ከፍ ያለ መሆኑን ሳንሸሽግ እንመሰክራለን።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ የቆመበት ቦታ ራሱ አንድ ቁም ነገር ይነግረናል። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በእግርና በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ ነበር። ልጁ ከእናቱ መንደር ተነቅሎ ወደ ዋና ከተማው ይመጣል፤ ከተማረ በኋላ ግን የሚያገኘው ሥራ በከተማው መሥሪያ ቤት እንጂ በመንደሩ አይደለም። ትምህርት ቤቱ የቆመው ከውጭ አገር በሚሰበሰብ ገንዘብና በመኳንንቱ በጎ ፈቃድ ላይ በመሆኑ፣ ፈቃዱ በተነፈገ ቀን የሚቆም ነበር። የተማረው ክፍል ከሰፊው ሕዝብ የሚርቀው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚርቀው በመንገዱ አቅጣጫ ነው።

የፋሽስት ጣልያን ወረራ ይህን ሁሉ በተነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋና ተከትሎት በመጣው አደን የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደቀ። በፋሽስቱ ዓይን የፓሪስና የፍሎሬንስ ምሩቅ ከአርበኛው የማይተናነስ ጠላት ነበር። ታምራትም አገር ለቀው ተሰደዱ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። እንደ ጠሉት ሰዎች ባላገሩን ለወራሪው ተላላኪ ሆኖ ማስተዳደርን ባለመምረጣቸው ታሪክ ያከብራቸዋል።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የተማረ ሰው በእጅጉ ተፈለገ። ታምራት በመንግሥቱ የትምህርት ሥራ ተመደቡ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን የባህል ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ከርስት የተነቀለ ሕዝብ ልጅ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በአውሮፓ ዋና ከተማ መቆሙ በራሱ ለንቀቱ መልስ ነበር። ነገር ግን ሥርዓቱ አንዱን ታምራት ወደ ላይ ሲያወጣ በመንደር ያለውን ቀጥቃጭ ባለበት አስቀረው። ፊውዳላዊው መንግሥት ከጭቁን ወገን አንዱን እየመረጠ መሾም አያስፈራውም። የሚያስፈራው የመሬት ጥያቄ ነው።

ይህንን ልዩነት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየን ከወለቃ የተገኘው ዮና ቦጋለ ነው። እርሱም በፋይትሎቪች አማካይነት በውጭ አገር ተምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ግን ያን ሥራ ትቶ በጎንደር መንደሮች ትምህርት ቤቶችን ለማደራጀት ወደ ወገኖቹ ተመለሰ። ከእነዚህም የአምቦበሩ በስፋት የታወቀ ነው። ታምራት የሄዱበት መንገድ ወደ ላይ ነበር፤ የዮና መንገድ ወደ ታች። ሁለቱም አስፈላጊ ነበሩ ብንል አንሳሳትም። ትምህርት ቤት ወደ ልጁ መንደር መሄድ እንዳለበት ያሳየን ግን ሁለተኛው ነው።

ታምራት በመጨረሻ ኑሯቸውን በኢየሩሳሌም አድርገው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1963 ዐረፉ። ስለ ቤተ እስራኤል መነኮሳትና ቅዱሳት ቦታዎች የያዙት ማስታወሻ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 በሊቁ ቮልፍ ሌስላው አማካይነት ታትሟል። በአውሮፓ የተማረው ሰው የደጋውን መናንያን ዱካ መዝግቦ ማቆየቱ፣ ልቡ ከመንደሩ ፈጽሞ እንዳልራቀ ያስረዳል።

ከሞታቸው አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከአሥር ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንዲደርሰውም ደነገገ። በሕግ ፊት የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ከባለርስቱ ልጅ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ሆነ። ታምራት ዕድሜ ልካቸውን በፊደል ሊያገኙት የሞከሩትን ክብር መሠረቱን ያስያዘው ይህ አዋጅ ነበር።

ነገር ግን ታሪክ በአንድ አዋጅ አያበቃም። የድሮው ባለርስት በብዙ ቦታ አዋጁን በጉልበት ተቃወመ፤ ንቀቱም ከወረቀት ጋር አልተቀደደም። ጦርነትና ረኃብም ደረሱ። በ1977 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች በሱዳን በኩል ተጉዘው ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያ አለቁ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። ወለቃና አምቦበር ባለቤቶቻቸውን አጡ። በወለቃ መንገድ ዳር የሸክላው ሙያ ሲቀጥል፣ ሙያውን ያቆዩት እጆች ግን በአብዛኛው በሌላ አገር ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት የምንጨብጠው ምንድን ነው? ፊደል ያለ መሬት ጥቂቶችን ከፍ አድርጎ ብዙኃኑን ይተዋል፤ መሬት ያለ ክብር ደግሞ ሰውን በአገሩ አያቆየውም። ማረሻውን የቀጠቀጠው እጅ፣ ምጣዱን የጋገረችው እጅ ዛሬም በብዙ ስፍራ በስም ትናቃለች። ይህ ንቀት በጎንደርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል እስካለ ድረስ የታምራት አማኑኤል ትምህርት ቤት ሥራውን አልጨረሰም። ሥራውን መጨረስ የሚገባን እኛ ነን።