የመናፈሻው ልጅ፦ የአርተር አሽ ሕይወትና የሕዝብ ቴኒስ ሜዳ

ለሕዝብ የሚሠራ የስፖርት ሜዳ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በሙያችን ዘንድ በቅድሚያ የሚታሰበው የመሬቱ ስፋት፣ የወለሉ ዓይነት፣ የአጥሩ ቁመትና የወጪው መጠን ነው። እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ሜዳው ከተሠራ በኋላ በሩ ለማን ይከፈታል፣ ገብቶ የቆመውንስ ሕፃን ማን ያስተምረዋል የሚለው ጥያቄ በፕላኑ ላይ እምብዛም አይሠፍርም። አሜሪካዊው የቴኒስ ተጫዋች አርተር አሽ በዓለም የታወቀው በድሎቹ ቢሆንም፣ ታሪኩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው የሕይወቱ አብዛኛው ክፍል ከዚህ ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይታያል።

አርተር አሽ ጁላይ 10 ቀን 1943 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ሪችመንድ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የደቡቦቹ ተገንጣዮች ዋና ከተማ የነበረች ስትሆን፣ አሽ በተወለደበት ዘመንም ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩባት ነበር። የትምህርት ቤቱ፣ የአውቶቡሱ መቀመጫ፣ የሕዝቡ መናፈሻ እንኳ ሳይቀር በዘር የተከፈለ ነበር።

ስማቸውን ለልጃቸው ያወረሱት አባቱ በ1947 ብሩክ ፊልድ የተባለውን፣ ለጥቁሮች የተመደበውን መናፈሻ እንዲጠብቁና እንዲቆጣጠሩ በከተማው አስተዳደር ተቀጠሩ። ከሥራው ጋርም በመናፈሻው ውስጥ የሚገኝ ቤት ተሰጣቸው። ብሩክ ፊልድ 18 ኤከር፣ ማለትም ወደ 7 ሄክታር ገደማ የሚሆን ስፋት ነበረው። የመዋኛ ገንዳ፣ የቤዝቦልና የቅርጫት ኳስ ሜዳዎች፣ እንዲሁም አራት የቴኒስ ሜዳዎች ነበሩበት። አንድ የቴኒስ ሜዳ በዙሪያው ካለው መሮጫ ጋር በመደበኛው ልክ 670 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይወስዳል፤ በዚህ ስሌት አራቱ ሜዳዎች በአንድነት ከመናፈሻው መሬት ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞሉም ማለት ነው። የቴኒስን ታሪክ የለወጠው ሰው የበቀለው ከዚህች ጠባብ ቁራሽ መሬት ላይ ነው። ሜዳዎቹ ከቤቱ ደጃፍ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቁ ስለነበር ልጁ ወደ ቴኒስ የሄደ ሳይሆን ቴኒስ ከደጁ ድረስ የመጣችለት ነበር።

እናቱ ወይዘሮ ማቲ ገና በሕፃንነቱ ማንበብ አስተምረውት ነበር። በ1950 እርሱ ስድስት ዓመት ሆኖት ሳለ ሞቱ። አባቱ ታታሪና ሥርዓት አክባሪ ሰው ስለነበሩ፣ ሚስታቸውን ካጡ በኋላ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን በጥብቅ ቁጥጥር አሳደጉ። የአሽን ትዕግሥትና ጭምትነት ያደነቁ ብዙ ናቸው፤ ምንጩን ግን ከዚህ ቤት መፈለግ ይገባል።

በዚያን ጊዜ ሮን ቻሪቲ የሚባል የቨርጂኒያ ዩኒየን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በብሩክ ፊልድ ይለማመድ ነበር። ከከተማው ጥቁር ተጫዋቾች መካከል ስመ ጥር የነበረው ይህ ወጣት፣ አጥሩን ተደግፎ የሚያየውን ቀጭን ሕፃን ጠርቶ ራኬት አስያዘው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ከተማው ሜዳ ሠርቷል፤ መምህር ግን አልመደበም። ያ ተማሪ በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ቢኖረው ኖሮ አራቱ ሜዳዎች እንደነበሩ ይኖሩ ነበር፤ አርተር አሽን ግን ዓለም ባላወቀው ነበር። የብዙ ከተሞች የሕዝብ ሜዳዎች ዕጣ እስከ ዛሬ እንዲህ ባለው አጋጣሚ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ባልደረቦቼ የሚያውቁት ነው።

ቻሪቲ ከእርሱ አቅም በላይ የሆነውን ልጅ በ1953 በሊንችበርግ ከተማ ለሚኖሩት ለዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን አስረከበው። ዶክተር ጆንሰን በሙያቸው ሐኪም ሲሆኑ፣ በመኖሪያ ግቢያቸው ባሠሩት የቴኒስ ሜዳ ላይ ጥቁር ወጣቶችን በየበጋው እየሰበሰቡ ያሠለጥኑ ነበር፤ ቀደም ሲል አልቲያ ጊብሰንን የረዱም እርሳቸው ናቸው። ሥልጠናቸው ከምት ይልቅ በጠባይ ላይ ይበረታ ነበር። ከመሥመሩ ጥቂት አልፋ የወደቀች ኳስ ብትሆንም መልሰህ ምታ፣ ከዳኛ ጋር አትከራከር፣ ፊትህን አታጨማድ የሚሉት ትእዛዞች ከሁሉ ይቀድሙ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ጥቁር ልጅ በነጮች ውድድር ላይ ቢቆጣ ሰበብ ለሚፈልጉ ሰዎች ሰበብ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ትምህርት ልጁን እንዳስከበረው አይካድም። ግን ሌሎች ልጆች ከማይሸከሙት ሸክም አንዱን በአሥር ዓመት ሕፃን ትከሻ ላይ ማኖር እንደነበረም አብሮ መነገር አለበት።

በዚያው በሪችመንድ ከተማ ወጪያቸው ከሕዝብ ግብር የሚሸፈን ሌሎች የቴኒስ ሜዳዎች በበርድ መናፈሻ ይገኙ ነበር። ጥሩዎቹ ውድድሮች የሚካሄዱት እዚያ ሲሆን አሽ ግን በጥቁርነቱ እንዳይወዳደር ተከልክሏል። አባቱ የከተማው ሠራተኛ፣ ግብር ከፋይም ናቸው፤ ልጃቸው ግን በከተማው ሜዳ ላይ መጫወት አይችልም። የሕዝብ የሚለው ቃል በአንድ በር ላይ ተጽፎ ሕዝቡን ለሁለት ሊከፍል እንደሚችል ልጁ የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ በር ነው።

በክረምት የሚጫወትበት የተሸፈነ ሜዳ ለጥቁሮች ስላልተፈቀደም በ1960 የመጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ለመጨረስ ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። ተቀብለው ያኖሩት መምህር ሪቻርድ ሃድሊን ነበሩ። እኚህ ሰው በ1945 የከተማዋ የሕዝብ ቴኒስ ሜዳዎች ለጥቁሮች እንዲከፈቱ በፍርድ ቤት የተሟገቱ ናቸው፤ ታሪክ የሚያነሣቸው አልፎ አልፎ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። አሽ በሴንት ሉዊስ በጦር ሠራዊት አዳራሽ ውስጥ ኳስ በሚያፈጥነው የእንጨት ወለል ላይ እየተለማመደ ጨዋታውን ወደ ፈጣንና አጥቂ ስልት ለወጠ። የወለል ጠባይ የተጫዋችን ጠባይ እንደሚወልድ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው በስፋት የታወቀ በመሆኑ ባጭሩ እናልፈዋለን። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ተማረ፤ በ1963 ለአሜሪካ የዴቪስ ዋንጫ ቡድን የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ በ1965 የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። በ1968 በጦር ሠራዊት ውስጥ በመኮንንነት እያገለገለ የመጀመሪያውን የዩ ኤስ ኦፕን ውድድር በፍጻሜው ቶም ኦከርን ረትቶ አሸነፈ። አማተር ስለነበረ 14,000 ዶላሩን የወሰደው ተሸናፊው ሲሆን ለአሸናፊው የደረሰው የውሎ አበል ብቻ ነው። በ1970 የአውስትራሊያን ሻምፒዮና፣ በ1975 ደግሞ ዊምብልደንን ወሰደ። በዚህ የመጨረሻው ድል ጂሚ ኮነርስን ያሸነፈው የለመደውን የኃይል ምት ትቶ ዝግ ያሉ፣ ዝቅ ብለው የሚሄዱ ኳሶችን በመስጠት ነበር፤ ዶክተር ጆንሰን ከአራት ዓመት በፊት ባይሞቱ ኖሮ ደስ ባላቸው።

ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ1969 የፈጸመው ተግባር ነው። አሽ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ከቻርሊ ፓሳሬልና ከሸሪዳን ስናይደር ጋር ሆኖ ብሔራዊ የወጣቶች ቴኒስ ሊግ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ሐሳቡ አዲስ ሜዳ መሥራት አልነበረም። በትልልቅ ከተሞች ድሃ ሰፈሮች በሚገኙ መናፈሻዎች ውስጥ ሜዳ አለ፤ በጋው ሲገባም ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሥራ ፈት ልጆችም በአቅራቢያው ይውላሉ። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሊጉ ልጆቹን በቡድን እያደራጀ፣ ረጅም ትምህርት ሳያስቀድም ወዲያው ወደ ግጥሚያ ያስገባቸው ነበር። ነጭ ልብስና የክለብ አባልነት የሚጠይቀውን ልማድም ወደ ጎን ተወው።

የዚህን አሠራር ብልኅነት ሜዳ ላይ የዋለ ሁሉ ይገነዘበዋል። ቴኒስ በባሕርዩ ቦታ የሚያባክን ጨዋታ ነው፤ ያን ያህል መሬት ይዞ በአንድ ጊዜ የሚያጫውተው ሁለት ወይም አራት ሰው ብቻ ነው። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ሃያ ሁለት ልጅ ይሮጣል። ስለሆነም ቴኒስ ለሕዝብ መናፈሻ ተገቢ መሆኑን ለከተማ አስተዳደር ማስረዳት የሚቻለው ተራ የሚጠብቀውም ልጅ የጨዋታው አካል ሲሆን ነው። ሊጉ ለግለሰብ ጨዋታ የቡድን ውጤት ሲሰጠው፣ በአጥሩ ውጭ የቆመው ልጅ ለጓደኛው የሚጮህበት ምክንያት አገኘ።

አሽ ግን ቴኒስን ራሱን የመጨረሻ ግብ አላደረገውም። ጨዋታውን የሚቆጥረው የልጆችን ቀልብ መያዣ አድርጎ ነበር፤ ቀልባቸው ከተያዘ በኋላ ስለ ትምህርትና ስለ ጠባይ መነጋገር ይቻላል የሚል እምነት ነበረው። በ1977 በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ጽሑፍ ለጥቁር ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ስፖርት ሜዳ ብቻ ሳይሆን ወደ ቤተ መጻሕፍትም እንዲልኩ መክሯል፤ ባለሙያ ስፖርተኛ ለመሆን የሚበቁት እጅግ ጥቂቶች መሆናቸውንም አስረድቷል። በሜዳ የከበረ ሰው ስለ ሜዳ ወሰን እንዲህ በግልጽ መናገሩ ያልጣማቸው ነበሩ። እኔ ግን ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይህን ድፍረቱን አስበልጣለሁ።

በደቡብ አፍሪካም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጠመው። የአፓርታይዱ መንግሥት ቪዛ ደጋግሞ ከከለከለው በኋላ በ1973 ሲፈቅድለት፣ የሚጫወተው ተመልካቹ በዘር ተለያይቶ ካልተቀመጠ ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። መሄዱ አገዛዙን ያስመሰግናል በማለት የወቀሱት ጥቁሮች በዚያም በአገሩም ነበሩ፤ ወቀሳቸው ከንቱ አልነበረም። በሶዌቶ ለጥቁር ልጆች የቴኒስ ማዕከል እንዲቋቋም በ1970ዎቹ መርዳቱ ግን በሜዳ ያምን እንደነበረ ያሳያል።

በ1979 የልብ ሕመም ደረሰበትና የቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከውድድር ተሰናበተ። በ1983 በተደረገለት ሁለተኛ የልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ በተሰጠው ደም ሳቢያ በኤች አይ ቪ ተይዟል። ይህን ያወቀው በ1988 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የጥቁር አሜሪካውያንን የስፖርት ታሪክ የሚተርክ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ ታተመ። ሕመሙን በ1992 ለሕዝብ ለመግለጽ የተገደደው አንድ ጋዜጣ ነገሩን በመድረሱ ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1993 በ49 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ በሪችመንድ በአገረ ገዥው መኖሪያ ቤት ለሕዝብ ስንብት ከተቀመጠ በኋላ በእናቱ አጠገብ ተቀበረ።

የጀመረው ሊግ በ1984 ከአሜሪካ ቴኒስ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ሥራውን ቀጠለ። በቺካጎ በዚህ ፕሮግራም ቴኒስ የጀመረችው ካትሪና አዳምስ በ2015 የዚያው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች። በ1997 የተመረቀው የኒው ዮርኩ ታላቅ ስታዲየም በአሽ ስም ሲሰየም፣ የቆመበት መሬት ፍላሺንግ ሜዶውስ የተባለው የከተማው የሕዝብ መናፈሻ ነው። ብሩክ ፊልድ ግን አልተረፈም፤ አሽ ኳስ የተማረባቸው አራቱ ሜዳዎች ፈርሰው በመናፈሻው ቦታ ላይ የሪችመንድ ዋና ፖስታ ቤት ተሠርቷል። በከተማው የሚገኘው ሐውልቱ በ1996 ሲቆም በአንድ እጁ ራኬት፣ በሌላው መጻሕፍት ይዞ በልጆች ተከቦ ይታያል። በ2019 ደግሞ ቡልቫርድ ይባል የነበረው ሰፊ ጎዳና አርተር አሽ ቡልቫርድ ተብሎ ተሰየመ። ጎዳናው በደቡብ በኩል የሚያበቃው እንዳይገባበት ተከልክሎ ከነበረው ከበርድ መናፈሻ በር ላይ ነው።