ሲንደሬላን የማያውቅ አለ? ያኮብ ግሪምንስ?

የግሪም ወንድማማቾችን ተረቶች አብዛኞቻችን በፊልምም በመጽሐፍም እናውቃቸዋለን። ታላቅየው ያኮብ ግን ዕድሜውን የጨረሰው ተረት ላይ አይደለም፤ ሰዋስው ላይ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጀርመንኛን ሲንታክስ (የዓረፍተ ነገር አወቃቀር) እና ሴማንቲክስ (የትርጉም ጥናት) የሚማር ተማሪ እሱ የጠረገውን መንገድ ይዞ ነው የሚሄደው። እስቲ ታሪኩን እንይ።

ያኮብ እ.ኤ.አ. በ1785 ሃናው በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። 11 ዓመቱ ላይ አባቱ ሞቱ፤ እናቱ ስድስት ልጆች ይዘው ቀሩ። ትምህርቱን የቀጠለው በአክስቱ ድጋፍ ነው። በ1802 ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሊያጠና ገባ፤ ግን አልጨረሰም። በ1805 መምህሩን ሳቪኒን በምርምር ሊያግዝ ፓሪስ ሄደ፣ ትምህርቱም በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ። በ1812 ከወንድሙ ከቪልሄልም ጋር የመጀመሪያውን የተረት መጽሐፍ አወጡ። በ1819 ደግሞ የጀርመንኛ ሰዋስው መጽሐፉን ማሳተም ጀመረ። በ1822 እትሙ ላይ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የድምፅ ለውጥ ሕግ አብራራ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በላቲን አባት "ፓተር"፣ ዓሣ "ፒስኪስ" ነው። በጀርመንኛ "ፋተር" እና "ፊሽ" ይባላሉ። "ፐ" ወደ "ፈ" የዞረው በአጋጣሚ ሳይሆን ሥርዓት ይዞ መሆኑን ነው ያሳየው።

የሰዋስዉ አራተኛ ቅጽ፣ ስለ ሲንታክስ የሚያወራው፣ የወጣው በ1837 ነው። ያኔ ያኮብ በሃኖቨር መንግሥት በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። በዚያው ዓመት ኤርንስት አውጉስት የሚባል አዲስ ንጉሥ ነገሠና ሕገ መንግሥቱን ሻረ። ያኮብና ስድስት ባልደረቦቹ ግን ለሕገ መንግሥቱ ምለው ነበርና ቃላችንን አናጥፍም ብለው ተቃውሞ ጻፉ። ሰባቱም ተባረሩ። ያኮብማ በሦስት ቀን ውስጥ አገሪቱን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ።

52 ዓመቱ ነው፣ ደመወዝ የለም። ሕዝቡ ግን ለተባረሩት መምህራን ገንዘብ አዋጣ።

በ1838 ወንድማማቾቹ ሌላ ሥራ ያዙ፦ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት። እያንዳንዱ ቃል ከየት መጣ፣ ትርጉሙስ ከሉተር እስከ ጎተ ዘመን እንዴት ተለወጠ? የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው በ1854 ነው። ቪልሄልም በ1859 ሲሞት "ዲ" ፊደልን ጨርሶ ነበር። ያኮብ ብቻውን ቀጠለ። በ1863፣ በ78 ዓመቱ ሲሞት የደረሰው "ፍሩኽት" የሚለው ቃል ላይ ነበር። ትርጉሙ ፍሬ ማለት ነው።

ሥራውን ሌሎች ተረከቡት። አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ እንኳ ምሥራቅም ምዕራብም ያሉ ምሁራን አብረው ሠሩበት። በ1961፣ 32 ቅጽ ሆኖ አለቀ። ካስጨረሱት አንዷ ማን ትመስላችኋለች? ያባረረችው ጎቲንገን!

በአማርኛ "ቃል" ስንል ንግግርም ነው፣ መሐላም ነው። ያኮብ ሁለቱንም ጠብቋል ብለን እናምናለን።

እናንተ ብትሆኑ ትፈርሙ ነበር ወይስ ዝም ትሉ ነበር? ኮመንት ላይ እንጠብቃችኋለን።