ዳግማዊ ምኒልክና የእጅ ሥራ ክብር

ሰው ንቀትን ይዞ ከእናቱ ማሕፀን አይወለድም። ሕፃን ልጅ የብረት ሠሪውን ወናፍ ሲያይ ይደነቃል እንጂ አይጠየፍም፤ የሸማኔውንም መወርወሪያ ቀርቦ ሊነካ ይወዳል። ኋላ ግን በምድጃ ዙሪያ ታላላቆቹ ሲያንሾካሽኩ ይሰማል፤ ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፥ ዓይኑ ሰው ይበላል ሲሉ እርሱም ይፈራል። የፈራውን ይሸሻል፤ የሸሸውን አያውቅም፤ ያላወቀውንም ይንቃል። እንዲህ ሆኖ ንቀት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ይህን ክፉ ርስት ለማጥፋት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው።

ምኒልክ የሸዋው ንጉሥ የኃይለ መለኮት ልጅ ሲሆኑ በ1836 ዓመተ ምሕረት በአንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓመተ ምሕረት አባታቸው ሞተው ሸዋ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ በወደቀ ጊዜ፥ ገና ልጅ ሳሉ ተማርከው ሄዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጥበብ የሚያውቅ ሠራተኛን እጅግ ይወዱ ነበር። በጋፋት የባሕር ማዶ ሠራተኞችን ሰብስበው መሣሪያ እንዲሠሩ ያተጓቸው ነበር፤ መንገድ ሲጠረግም ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር። ምኒልክ በእኒህ ንጉሥ ቤት አሥር ዓመት ያህል አደጉ። በ1857 ዓመተ ምሕረት ከመቅደላ አምልጠው የወሎዪቱ ገዥ ወርቂት በአገሯ አሳልፋቸው ሸዋ ገቡ፤ ነገሡም።

በሸዋ ነግሠው ሳሉ በ1871 ዓመተ ምሕረት አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ አገር መሐንዲስ መጣላቸው። በመጀመሪያ የታዘዘው አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሠራ ነበር ይባላል። ይህ ሰው በእጁ ሥራ ተወዶ ኋላ የመንግሥት አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። መኳንንቱም አከበሩት። ነገር ግን በዚያው ከተማ ቆዳ የሚያለፋው የአገር ልጅ ከሰው ማዕድ የራቀ ነበረ። የባዕድ እጅ ሲሠራ ጥበብ፥ የወገን እጅ ሲሠራ ነውር ተባለ። ንቀት ዓይንን እንደሚያሳውር ከዚህ ይታወቃል።

የዚህ ንቀት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በወሎ ምድር ታየ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ውርጌሳና መርሳ ሳይደርስ አስቀድሞ ውጫሌን ያገኛል። ምኒልክ በ1881 ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ 25 ቀን ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል የተዋዋሉት በዚህ ስፍራ ነው። በውሉ ውስጥ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲገባላቸው የሚፈቅድ ቃል ነበረበት። ብረት ሠሪዋን ቡዳ ብላ ያራቀች አገር ጠመንጃዋን ከባሕር ማዶ መሻት ግድ ሆነባት። የዚያው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ትርጓሜ ስለ ያዘ ጠብ ተነሣ፤ ጠቡም በ1888 ዓመተ ምሕረት በዐድዋ ጦርነት ተፈጸመ።

ውሉ በተጻፈበት ዘመን ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ወርዶ ነበር። ከብቱ በበሽታ ስላለቀ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ። መሬትን በዶማ መቆፈር ግን ለጨዋ ልጅ እንደ ውርደት ይቈጠር ነበር። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲቈፍሩ አደረጉ። ጌታው ሲቈፍር ያየ ሎሌ፥ ዶማ መያዝ ውርደት ነው ብሎ እጁን ማጠፍ አልቻለም። በብዙ ቃል የማይለወጥ ልብ ዓይን ባየው ነገር ይለወጣልና።

በኋላም በ1900 ዓመተ ምሕረት ምኒልክ ዐዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ የሚጽፈውንና የሚያርሰውን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ አንድ ዘር መሆኑን፥ ሠራተኛም ስድብን ፈርቶ ሥራውን ቢተው አገር ባዶ እንደሚቀር አስረዱ፤ ተሳዳቢውም እንዲቀጣ አዘዙ።

ምኒልክ በ1906 ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ 3 ቀን ዐረፉ። ዐዋጁ የብዙ ሰው አፍ ዘጋ፤ ስድቡ ግን ፈጥኖ አልጠፋም፤ ዛሬም ከአንዳንድ አንደበት ይሰማል። ዐዋጅ በአደባባይ ይነገራል፥ ንቀት ግን በጓዳ ይማራልና። ንጉሥ አፍን በቅጣት ሊከለክል ይችላል፤ ልብን ግን ሊያዝዘው አይችልም። ልብ የሚመለሰው ሰው የናቀውን ቀርቦ ሲያውቅ፥ የሚያከብረውም ሰው የተናቀውን ሥራ ሲሠራ ሲያይ ነው።

የውርጌሳ ገበሬ ቢሆን የመርሳ፥ ማረሻው በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ ነው፤ ትከሻውን የሚሸፍነው ሸማ ከሸማኔ ጕድጓድ የወጣ ነው፤ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ በሸክላ ሠሪዪቱ እጅ የለሰለሰ ነው። እጃቸውን እየናቁ ሥራቸውን መልበስና መብላት ትልቅ ዕዳ ነው። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ሰውን የሚያዋርድ ቃል በሰማችሁ ጊዜ ለታናናሾቻችሁ አታቀብሉ። ከአባት የተቀበሉትን መልካም ርስት መጠበቅ ይገባል፤ ክፉውን ርስት ግን የሚቀበለው ሲያጣ ያን ጊዜ ይጠፋል።