ሥራ በዝቶባቸው የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

 

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባላት በክረምቱ አንዳንድ ጽሑፍ ይዘን ልንመጣ ተነጋግረን ነበር። መስከረም ላይ ስንገናኝ ግን የመጣው ሦስት ብቻ ነው። የሌላው ሁሉ መልስ ጊዜ አጣሁ ነው። ውሸትም አይደለም። በእኛ አገር ክረምት ማለት የገብስና የባቄላ አረም ነው፣ ድንች መኮትኮት ነው፣ ከሊማሊሞ በኩል በሚወጣው ጉም ውስጥ የጠፋ በግ መፈለግ ነው። ማታ ደግሞ የረጠበ ልብሳችንን እሳት ዳር ስናደርቅ እዚያው እንቅልፍ ይጥለናል። ስለዚህ ለዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች አምድ የመረጥነው ሥራ በጣም ይበዛባቸው የነበሩትን፣ ግን ከ20 በላይ መጻሕፍት የጻፉትን ሰው ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። ልጅ በነበሩበት ጊዜ እንደ አሁኑ ትምህርት ቤት የለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንኳ የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው። እሳቸው የተማሩት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ በኋላም በእንጦጦ ራጉኤል ቀጠሉ። ግእዝ አዋቂነታቸውና የጽሕፈት ችሎታቸው ወደ ቤተ መንግሥት ሥራ አስገባቸው። ከዚያ በኋላ ዕረፍት የሚባል ነገር ያገኙ አይመስልም። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፣ ዳኛ ሆነዋል፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል።

የእሳቸውን ክረምት እንመልከት እስቲ። በ1903 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ ኢትዮጵያን ወክለው ከሄዱት ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንደን ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ከደጃዝማች ናደውና ከጎንደሩ ሰው ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር አሜሪካ ሄደው ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ተገናኙ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከሚያዝያ ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ሮምን፣ ለንደንን ሌላም ብዙ ከተማ ሲጎበኙ አብረው ዞሩ። ያኔ አውሮፕላን የለም፤ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ነው።

እንግዲህ መቼ ጻፉ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሥራው እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ሥራውን ራሱን ጻፉት። ከ1916ቱ ጉዞ ደስታና ክብር የተባለው መጽሐፍ ወጣ። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ በመልእክት ጃፓን ተላኩ፤ ከዚያም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የሚል መጽሐፍ ይዘው ብቅ አሉ። መርከብ ላይ ብዙ ሳምንት መቀመጥ አለ እኮ። ሌላው መንገደኛ ባሕሩን እያየ ሲሰለች እሳቸው የሚጽፉት ነገር ነበራቸው። እንግዲህ ያ ክረምት የሚያስታርመን ገብስስ ጽሑፍ አይሆንም ያለው ማነው?

ከለንደን በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ያሉትን መጻሕፍት ስም እየሰበሰቡ በዝርዝር አሳተሙ። ይህ በጣም አድካሚ ሥራ ነው፤ የክፍላችንን መጻሕፍት ቆጥሮ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1915 ዓ.ም. የሕይወት ታሪክ የሚባለውን አወጡ። በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን ብለው የታላላቅ ኢትዮጵያውያንን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የጻፉበት ነው። በኋላ ዘመን የተነሣን ልጆች እኛ መሆናችን ነው። ኢትዮጵያና መተማ የሚል መጽሐፍም አላቸው፤ ስለ አፄ ዮሐንስ ነው። መተማ ማለት ይቺው ታላላቅ ወንድሞቻችን ክረምት ላይ ለሰሊጥ አረማ የሚወርዱባት ናት።

ከልብ ወለዶቻቸው አዲስ ዓለም የታተመው በ1925 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሚኒስትር ሆነው ሳለ። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ፓሪስ ተምሮ ይመለስና በተዝካርና በድግስ ገንዘብ ማባከን ይቅር ብሎ ከዘመድ ጋር ይጋጫል። ለእኛ ከሁሉም የሚጥመው ይህ ነው፤ እኛም ጋ የሚያጣላ ነገር ስለሆነ። ለማሳተምም ሰው አልለመኑም፤ ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤት ራሳቸው አቋቁመው ነበር።

ከሁሉም የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ ነበር፤ ከንግሥት ሳባ ጀምሮ እስከ ዓድዋ ድል ድረስ። በ1928 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት ገብቶ እየታተመ ሳለ ጣሊያን አዲስ አበባ ደረሰ። የታተመው ወረቀት ጠፋ፤ የተረፈው ጥቂት ነው። የስንት ዓመት ማታ በአንድ ጊዜ ሄደ! እሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። እዚያ ሳሉ ደግሞ እንግሊዝ አገር የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በጣሊያኖች ተገደለ። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ተርፈው በኋላ ራሴላስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሰዋል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ አገራቸው ነፃ ስትወጣ ሳያዩ፣ በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ በ60 ዓመታቸው ገደማ በዚያው በስደት አረፉ። ያ የታሪክ መጽሐፍ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ከተረፉት ጥቂት ቅጂዎች እሳቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ታትሞ ዛሬ ይነበባል።